ከቁጥር አራት ኮምፒውተር ጠፉ ስለተባሉት አሥራ አራት ንብረቶች

ታኅሣሥ 12 ቀን 2008 ዓ.ም.
ጎንደር

ለተከበሩ አቶ ዓለምነው
የወጣት ማዕከላችን ኃላፊና የኮምፒውተር ክፍሉ የበላይ ጠባቂ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ወንበርዎስ ተመቸዎት? ዐሥር ኮምፒውተሮችን አንዱንም ሳይነኩ ማስተዳደር ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ በዓይኔ ስላየሁ፣ ፈጣሪ ጉልበትዎን እንዲያበረታና ከዚህ የበለጠ ድካም እንዳያሳይዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔና ቤተሰቤ ደህና ነን፤ ከእርስዎ ማስታወቂያ በቀር ያመመን ነገር የለም።

ላያስታውሱኝ ስለሚችሉ ራሴን ላስተዋውቅ። ሃጂራ ዐብዱልባሲጥ እባላለሁ። ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው፤ ትምህርቴን ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጫለሁ። ባለፈው ኅዳር ቢሮዎ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ቆሜ፣ ሦስት ጊዜ ተጠይቄ አንድም ቃል ሳልመልስ የወጣሁት ልጅ ነኝ። ዝም ያልሁት የምለው አጥቼ አልነበረም። ሰው ሲያየኝ ድምፄ ይሰወርብኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ወረቀት ግን አያየኝም። ስለዚህ ያን ቀን ያልተናገርሁትን ዛሬ በተራ ቁጥር አድርጌ አቀርባለሁ። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁትም ለክብርዎ ስል ነው፤ እርስዎ ስለ እኔ የጻፉት መንገደኛ ሁሉ በሚያነበው ሰሌዳ ላይ ሆኖ ሳለ የእኔ መልስ በፖስታ ታሽጎ ቢመጣ ንፉግነት ይመስልብኛል።

1. በመጀመሪያ የማመሰግንዎ ስለ ዘበኞቹ ነው። የማዕከሉ ግቢ ሁለት ዘበኞች አሉት፤ አንዱ ቀን፣ አንዱ ማታ ይጠብቃል፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ለኮምፒውተሮቹ ግን ይህ እንደሚያንስ በመገንዘብ ሦስት አንቲ ቫይረስ በአንድ ላይ አስጭነውባቸዋል። ጸሐፊዎ ወይዘሮ ይርገዱ እንደነገሩን፣ ባሕር ዳር ለስልጠና በሄዱ ቁጥር አንድ ሲዲ ይሰጥዎታል፤ እርስዎም ስጦታ መናቅ ስለማይወዱ የቀድሞውን ሳያነሡ አዲሱን ከላዩ ያስጭናሉ። ሦስት ጊዜ ስለሄዱ ሦስት ሆኑ። አራተኛው ስልጠና በመሰረዙ ፈጣሪን እናመሰግናለን። ሦስቱ ዘበኞች እርስ በርስ አይተዋወቁም። አንደኛው ፋይል ሊፈትሽ እጁን ሲዘረጋ ሁለተኛው ሌባ መስሎት ይይዘዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱንም ይጠረጥራል። እነርሱ ሲፈታተሹ እኔ አንዲት ፊደል ተጭኜ እስክትመጣ ድረስ እጄን አጣምሬ እጠብቃለሁ። ትዕግሥት የተማርኩት በእርስዎ ማዕከል ነው፤ በመርሐ ግብሩ ላይ ባይጻፍም።

2. ሁለተኛው ስለ ረቡዕ ዕረፍት ነው። ኮምፒውተሮቹ የሚያዘግሙት ደክሟቸው ነው በማለት ረቡዕ ረቡዕ እንዲያርፉ አዝዘዋል። ወይዘሮ ይርገዱ በገዛ እጃቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል፣ የሞቀው አየር የሚወጣበትን ቀዳዳ ጭምር፣ በየአንዳንዱ ላይ ያለብሱና ክፍሉን ቆልፈው ይሄዳሉ። ይሁን እንጂ ኮምፒውተር አጥፍቶ ማብራት ብዙ ጊዜ ስለሚወስድ፣ መብራት ካልጠፋ በቀር እንዳይጠፉ የሚል ሌላ ትእዛዝዎ በሩ ላይ ተለጥፏል። ትእዛዙ መሠረት እንዳለው እመሰክራለሁ፤ አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ቁጥር አራትን አብርቼ፣ ቤቴ ሄጄ፣ ዝሁር ሰግጄ ስመለስ ገና እየተነሣ ነበር። እንግዲህ ሁለቱን ትእዛዛት ስንደምራቸው፣ ረቡዕ ቀን ኮምፒውተሩ እንደበራ፣ ከነፕሮግራሞቹ እየሠራ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ይሞቃል ማለት ነው። ያረፍነው እኛ ብቻ ነን። ስለዚያም እናመሰግናለን።

3. ሦስተኛው ስለ አስተማሪያችን ነው። መምህርት አምሳል ሦስት ሳምንት ብቻ አስተምረውን ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲዛወሩ በምትካቸው ማንንም አለመላክዎ ለእኔ ጠቅሞኛል፤ ማንም ሳያየኝ ብቻዬን መማር ችያለሁና። መምህርቷ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ቀን ሦስት ቁልፎችን አንድ ላይ ሲጫኑ፣ በዚያች ቅጽበት በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሠራው ሁሉ በዝርዝር ሲወጣ አየሁ። እርስዎ ይህን ዝርዝር አይተውት እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን ተራዬ በደረሰ ቁጥር እያወጣሁ ስሞቹን በደብተሬ ገለበጥሁ፤ የትኛው ምን ያህል ሚሞሪ እንደሚበላም በጎኑ ጻፍሁ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ብዙዎቹን ስሞች ማንበብ አልችልም ነበር፤ ቢሆንም ማን እንደሚሠራና ማን ተቀምጦ እንደሚበላ ለመለየት እንግሊዝኛ አያስፈልግም።

የተማርሁት በአጭሩ ይህ ነው። ሰው ሙዚቃ አዳምጦ ሲጨርስ በቀኝ ጥግ ያለችውን ምልክት ይጫንና መስኮቱ ሲጠፋለት ዘጋሁት ብሎ ይሄዳል። ፕሮግራሙ ግን ብዙ ጊዜ አልወጣም፤ ከታች ከሰዓቱ አጠገብ ትንሽ ምስል ሆኖ ተቀምጧል። በሚቀጥለው ቀን ሌላ ሠልጣኝ ከዐረብ አገር ካለች እኅቱ ጋር ለመነጋገር ሌላ ፕሮግራም ይጭናል፤ እርሱም ይቀመጣል። ከዚያ ሌላው ፊልም ለማውረድ ይጭናል። እነዚህ ሁሉ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ማንም ሳይጠራቸው አብረው ይነሣሉ። በቁጥር አራት ላይ ከሰዓቱ አጠገብ አሥራ ዘጠኝ ምስሎች ነበሩ፤ ሰዓቱ ራሱ ቦታ አጥቶ ወደ ጥግ ተገፍቶ ነበር።

ሁሉም አይዘጉም። ይህንንም የተማርሁት በድንጋጤ ነው። አንድ ቀን ከዝርዝሩ ውስጥ የማላውቀውን አንዱን ብዘጋ በስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ ጠፍቶ ባዶ ሰማያዊ ብቻ ቀረ። ኮምፒውተሩን ገደልሁት አልሁ። ከሰዓት በኋላ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ነገር በቦታው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የኮምፒውተሩ የራሱ የሆነውን አልነካም፤ ሰው ያመጣውን ብቻ፣ አንድ በአንድ፣ ከዘጋሁ በኋላ ትንሽ ቆይቼ እያየሁ እዘጋለሁ። ያመጣነው ሁሉም ትርፍ አይደለም፤ በአማርኛ የሚያጽፈን ፕሮግራም ራሱ ከጀርባ የሚሠራ ነው፤ እርሱን የዘጋ ሰው ማመልከቻውን በምን ቋንቋ እንደሚጽፍ አላህ ያውቃል። አንድ አንቲ ቫይረስም ያስፈልጋል። አንድ።

4. አራተኛው ስለ ፈተናው ነው፤ ከዚህ በኋላ ምስጋናዬ እየከበደ ስለሚሄድ ወንበርዎን ጠበቅ አድርገው እንዲይዙ በትሕትና እጠይቃለሁ። ፈተናው ኅዳር 9 ቀን ሐሙስ ነበር፤ አንድ ሙሉ ገጽ የአማርኛ ደብዳቤ በሠላሳ ደቂቃ መጻፍ። ቁጥር አራት የእኔና የየትነበርሽ ነበር፤ የትነበርሽ ከደባት መጥታ ወለቃ በኩል ቤት ተከራይታ የምትማር ጓደኛዬ ናት፤ በየተራ እንቀመጣለን። በዚያ ኮምፒውተር፣ እንደነበረው ቢሆን፣ ሠላሳ ደቂቃ ከአድራሻውና ከጉዳዩ አያሳልፍም። ስለዚህ ጠዋት ቀድሜ ገብቼ ዘጋሁ፦ ሁለት አንቲ ቫይረስ፣ ሦስት የሙዚቃና የፊልም ማጫወቻ፣ አራት የፊልም ማውረጃ፣ ሁለት የመደወያ፣ የማላውቀውን አገር ዝናብ የሚተነብይ አንድ፣ ኮምፒውተርዎን አፈጥናለሁ የሚሉ ሁለት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከሁሉም በላይ የሚበሉ ነበሩ፤ ለምን እንደሆነ ባላውቅም እርስዎን አስታወሱኝ። አሥራ አራት ሄዱ፤ አምስት ቀሩ። ሁለታችንም ጽፈን ጨረስን፤ ሁለታችንም አለፍን።

እኔ ይህን ፈተና ማለፍ የፈለግሁበትን ምክንያት ጠይቀውኝ ስለማያውቁ ልንገርዎ። አራዳ ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው ወይዘሮ ሸዋአየሁ፣ የምሥክር ወረቀት ይዘሽ እስከ ኅዳር ሠላሳ ከመጣሽ እቀጥርሻለሁ ብለውኝ ነበር። ሥራው ፊትን ወደ ስክሪን፣ ጀርባን ወደ ደንበኛ አድርጎ መጻፍ ነው። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ሥራ በጎንደር የለም፤ በሌላ ከተማም መኖሩን እጠራጠራለሁ።

5. አምስተኛው ስለ ንብረት መዝገቡ ነው፤ እዚህ ላይ አድናቆቴን የምገልጽበት ቃል ያጥረኛል። የንብረት ክፍሉ አቶ በላቸው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቁጠር የተባሉትን ይቆጥራሉ። በእርስዎ ትእዛዝ ዓርብ ዓርብ ደብተራቸውን ይዘው እየመጡ ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ መጥረጊያውን፣ ቀጥሎም በየኮምፒውተሩ ከሰዓቱ አጠገብ ያሉትን ምስሎች በጣታቸው እየነኩ ይቆጥራሉ። ፕሮግራም በስልጠና የተገኘ ንብረት ስለሆነ አይጉደል ብለዋቸዋል። ከፈተናው ማግሥት ዓርብ ቁጥር አራት ላይ ደርሰው ቆጠሩ፤ መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው ቆጠሩ፤ ከዚያም ወደ እኛ ዞረው፣ «ምነው ልጆቼ፣ ሸጋ አድርጌ የቆጠርኋቸው አሥራ ዘጠኝ ነበሩኮ፤ የቀሩትን ምን በላቸው?» አሉ። የትነበርሽ ልትናገር ስትል እጇን ይዤ፣ ሌላው እጄን አነሣሁ። ዘጋኋቸው ማለት ፈልጌ ነበር። እጄ ብቻ ተነሣ፤ ድምፄ አልተከተለውም።

ጉዳዩን ለማጣራት የሚያስፈልገው ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ብቻ ነበር። ከተዘጉበት ተነሥተው አሥራ አራቱም በሰልፍ ይመለሱ ነበር፤ የሚነሡበት ዝርዝር ውስጥ ሰው ገብቶ እስካልከለከላቸው ድረስ ከሥራ የሚያሰናብታቸው የለም። እርስዎ ግን በአንድ ሰዓት የሚያልቀውን ነገር በሦስት ሰው ኮሚቴና በቃለ ጉባኤ እንዲጣራ አደረጉ። ኮሚቴው ኮምፒውተሩን ሊያየው አልመጣም። የኮሚቴውን ጊዜ መቆጠብዎ የሚያስመሰግንዎ ነው።

6. ስድስተኛው ስለ ሰሌዳው ነው። ኅዳር 13 ቀን ሰኞ በማዕከሉ በር ላይ ባለው ሰሌዳ፣ ሠልጣኝ ሃጂራ ዐብዱልባሲጥ ከቁጥር አራት ኮምፒውተር አሥራ አራት የማዕከሉን ንብረቶች ስላጎደለች የምሥክር ወረቀቷ መታገዱን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት ማስታወቂያ ወጣ። ማኅተሙ ጥርት ያለ ነው፤ ስሜም ሳይሳሳት ተጽፏል። በሕይወቴ ስሜ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ሳየው የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ለዚህም ምስጋና ይገባዎታል።

አባቴ አራዳ ጨርቅ ይሸጣል፤ አያቱም እዚያው ይሸጥ ነበር። ከቤታችን ወደ ሱቁ የሚወስደው መንገድ በእርስዎ በር በኩል ያልፋል። ማስታወቂያውን ስለማንበቡ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ብቻ ከማግሥቱ ጀምሮ ጉልበቱን እያመመው በዳገቱ ዞሮ መሄድ ጀመረ። የእኛ ቤት ነገር የሚነገረው እንዲህ ነው።

7. ሰባተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው። በጎንደር መብራት አምስት ቀን ሙሉ ሳይጠፋ የከረመው በዚያች ሳምንት ብቻ ነው፤ የእኔ ዕድል ሆኖ። ኅዳር 14 ቀን ማክሰኞ ግን ሄደ፤ ተመልሶም መጣ። በሚቀጥለው ዓርብ አቶ በላቸው ቁጥር አራትን ሲቆጥሩ አሥራ ዘጠኝ አገኙ። ደስ አላቸው፤ ወደ እርስዎም ሮጡ። የትነበርሽ ቤት ድረስ መጥታ ስትነግረኝ፣ ማስታወቂያው ይነሣል ብዬ እኔም ልቤ ሞቀ። እርስዎ ግን ኮሚቴውን ሰብስበው፣ ሠልጣኟ የወሰደችውን ንብረት ፈርታ በድብቅ መልሳለች የሚል ሁለተኛ ማስታወቂያ ከመጀመሪያው ሥር ለጠፉ። ያን ሳምንት ትኩሳት ይዞኝ ከቤት አልወጣሁም ነበር። ከተኛሁበት ሆኜ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ፕሮግራም መመለስ ከቻልሁ፣ የሚገባኝ ማስታወቂያ ሳይሆን የእርስዎ ወንበር ነበር።

ከዚያም አስጠሩኝ። ቢሮዎ ስገባ ወረቀቱ ተጽፎ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ማጉደሌንና መመለሴን አምኜ፣ ይቅርታ ጠይቄ፣ ከታች እንድፈርም። ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን ወደ እኔ እየገፉ፣ «ፈርሚና ወረቀትሽን ይዘሽ ሂጂ፤ አንቺም ትገላገያለሽ፣ እኔም እገላገላለሁ» አሉኝ። የምሥክር ወረቀቴ በእጅዎ ሥር ነበር፤ ኅዳር ሠላሳ ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። እስክሪብቶውን አላነሣሁትም። እርስዎ ማፈሬ መሰለዎት። አልነበረም፤ እያሰብሁ ነበር። ያሰብሁትም ይህን ነው፦ ብፈርም ሥራ አገኛለሁ፤ አባቴ ግን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በዳገቱ ይዞራል።

ክቡር ሆይ፣ ኅዳር ሠላሳ አለፈ። ታኅሣሥ 4 ቀን ወረቀቱን አለማግኘቴን ልነግራቸው ወይዘሮ ሸዋአየሁ ጋ ሄድሁ። ማስታወቂያዎን አንብበውት ነበር፤ አራዳ ያላነበበው የለም። አንዳች ሳይጠይቁኝ ከጥግ ያለውን አሮጌ ኮምፒውተራቸውን አሳዩኝና፣ «ያን ጊዜ ሰረቅሽ የተባልሽውን ከዚህም ላይ ስረቂልኝ» አሉኝ። ዐሥራ አንድ ዘጋሁ። ሲነሣ አብረው እንዳይነሡም ከዝርዝሩ ላይ ምልክታቸውን አነሣሁ። እርሳቸው አጥፍተው አበሩት፤ እርስዎ ያልሞከሩትን ማለቴ ነው። አንድ መስመር ጽፈው ፊደሎቹ ከጣታቸው ሥር ሲወጡ አዩና፣ ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ነይ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እየሠራሁ ነው።

ስለዚህ የምሥክር ወረቀቱን ከእንግዲህ አልፈልገውም፤ እዚያው ከሲዲዎቹ ጋር በንብረትነት ይመዝገብልኝ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱ ማስታወቂያዎች ይነሡ። ማንም ይቅርታ እንዲጠይቀኝ አልፈልግም፤ ሰው ፊት ቆሜ ይቅርታ መቀበል ራሱ ያስጨንቀኛል። ሁለት ወረቀት ከአንድ ሰሌዳ ላይ መንቀል ኮሚቴ የሚያስፈልገው ከሆነ እጠብቃለሁ፤ መጠበቅ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የይቅርታውን ወረቀት ግን ዛሬም፣ ነገም፣ መቼም አልፈርምም።

ለሰጡኝ ትዕግሥት፣ ለሦስቱ ዘበኞች፣ ለረቡዕ ዕረፍት፣ ለሁለቱ ማኅተሞችና ላላዩት ኮምፒውተር ሁሉ ያለኝን የማይነጥፍ ምስጋና እየገለጽሁ፣ በሥልጣንዎ ላይ እንደበሩ፣ እንደተሸፈኑና እንደሞቁ እንዲኖሩ ከመመኘት ጋር፣

ከእግርዎ ሥር ሳይሆን ከበርዎ ውጭ ቆሜ የምሰናበትዎ፣
ሃጂራ ዐብዱልባሲጥ

ግልባጭ፦
ለማዕከሉ በር ሰሌዳ፣ ከሁለቱ ማስታወቂያዎች ጎን ለሚያልፍ አንባቢ ሁሉ

በድጋሚ፦ ባለፈው ዓርብ ወይዘሮ ይርገዱ የማዕከሉን የኅዳር ወር ሪፖርት በእጅ ጽሑፍ ይዘው፣ ኮምፒውተሮቹ ስላዘገሙባቸው ወደ ወይዘሮ ሸዋአየሁ ቤት አመጡት። ፊቴን ወደ ስክሪኑ እንዳደረግሁ እኔ ነኝ የጻፍሁት። በገጽ ሁለት ላይ ዐሥሩም ኮምፒውተሮች ቀልጣፋ አገልግሎት እየሰጡ መሆናቸውን፣ በገጽ ሦስት ላይ ደግሞ በኃላፊው ብርቱ ክትትል ከአንዲት ሠልጣኝ አሥራ አራት ንብረት መመለሱን ይገልጻል። የጸሐፊ ሥራ የተሰጠውን መገልበጥ ስለሆነ አንዲት ፊደል አልቀየርሁም፤ ጥቂት የሆሄያት ግድፈቶች ብቻ አርሜልዎታለሁ። ንጹሕ ሆኖ ታትሞ ይጠብቅዎታል፤ የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። እኔ አልፈርምም ካልሁት ወረቀት ጋር ነገሩ አንድ ስለሆነ፣ እስክሪብቶውን ከማንሣትዎ በፊት እርስዎም ትንሽ እንዲያስቡበት በአክብሮት አሳስባለሁ።